ከኒው ኦርሊንስ እስከ ቪሌጅ ቫንጋርድ፦ የጃዝ ጉዞ ማስታወሻ

የጥንቱን ጃዝ ፍለጋ አሜሪካ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅ፤ አብዛኞቹ ቤቶች የሉም። የተጨፈረባቸው አዳራሾች ፈርሰው የመኖሪያ ሕንፃ ሆነዋል፣ ስቱዲዮዎቹ ተነድለዋል፣ ከአንዳንዱ የተረፈው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ብቻ ነው። ሸክላው ግን አለ። ስለዚህ ይህ መንገድ የተቀየሰው ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ነው፤ በየቦታው የሚሰማ ቅጂ አለ፣ ቁም ነገሩም እዚያው ቆሞ መስማት ነው። ቅጂዎቹን ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ባቡሩ በሚሲሲፒ ገጠር ሲያልፍ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ማዳመጫው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። የ1920ዎቹ ቅጂ ከመነሻው ወፍራም ድምፅ የለውም፣ ያለውን ደግሞ የመኪና ጫጫታ ይውጠዋል።

ጉዞው ቅዳሜ ተጀምሮ በሳምንቱ ሰኞ ማታ ያልቃል። ቀኖቹን ማሸጋሸግ ይቻላል፤ የኒው ኦርሊንሱን እሑድ፣ የኩዊንሱን ዓርብና የመጨረሻውን ሰኞ ግን አትንኩ። ሰዓቶቹ የተጻፉት በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ከትኬቱ ጋር የ6 ሰዓት ልዩነት አላቸው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

አንደኛ ቀን፣ ቅዳሜ፦ ኒው ኦርሊንስ

ጠዋት በኤስፕላናድ ጎዳና 400 ቁጥር ወዳለው የድሮ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ሂዱ። የኒው ኦርሊንስ ጃዝ ሙዚየም ያለው እዚያ ነው። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ለቅዳሜ ተመድቧል። ብዙ ጎብኚ ፎቶዎቹ ላይ ይፈዝና መሣሪያዎቹን ሳያይ ይወጣል፤ መታየት ያለባቸው ግን መሣሪያዎቹ ናቸው። ትራምፔት ነፊው ሉዊስ አርምስትሮንግ በልጅነቱ በማረሚያ ቤት የነፋበት ነው የሚባለው ኮርኔት እዚህ ይገኛል። ልጁ ወደ ማረሚያ ቤት የተላከው በዲሴምበር 31፣ 1912፣ በዓመት መለወጫ ዋዜማ፣ መንገድ ላይ ሽጉጥ ተኩሶ ነው። ኮርኔትን ከትራምፔት አስተያዩት፤ ቱቦው አጠር ብሎ ተጠቅልሎ ወደ አፉ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ድምፁም ለዚያ ነው ለስለስ የሚለው። እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ በሸክላ የምትሰሙት መሪ ድምፅ አብዛኛው የኮርኔት ነው።

ማታ ፕሪዘርቬሽን ሆል፣ ሴንት ፒተር ጎዳና 726። በ1961 የተከፈተ ጠባብ ክፍል ነው። ትኬቱ በሰዓት የተወሰነ ስለሆነ በኢንተርኔት ቀድማችሁ ያዙ፣ ቅዳሜ ደጁ ላይ መጥቶ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። አንዱ ዝግጅት 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ፎቶና ቪዲዮ ክልክል ነው፤ ክፍሉም ይሞቃል። ከፊት ወለሉ ላይ ትራስ ይነጠፋል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው ትሮምቦኑ ሲሳብ ራሱ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። ለድምፅ ሚዛን ግን ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ መቆም ይሻላል፤ ከፊት ነሐሱ ክላሪኔቱን ይሸፍነዋል። ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ማስታወቂያቸው የተለመደ ዜማ ለማዘዝ 2 ዶላር፣ ሌላ 5 ዶላር፣ ሰው ሁሉ የሚያዘውን «ዌን ዘ ሴይንትስ ጎ ማርቺንግ ኢን» የተባለውን የቅዱሳኑን መዝሙር 10 ዶላር ይል ነበር። ሙዚቀኞቹ ስንት ሺህ ጊዜ እንደነፉት ካሰባችሁት ርካሽ ነው።

ሁለተኛ ቀን፣ እሑድ፦ ኮንጎ አደባባይና ሰከንድ ላይን

ኮንጎ አደባባይ ዛሬ በኖርዝ ራምፓርት ጎዳና ላይ በሚገኘው የሉዊስ አርምስትሮንግ መናፈሻ ውስጥ ነው። በ1817 የወጣ የከተማው ደንብ ባሮች የሚሰበሰቡት እሑድ ብቻ፣ ያውም በተወሰነላቸው ቦታ እንዲሆን አዘዘ። ቦታው ይኸው ሆነ። በባርነት ዘመን አሜሪካ ውስጥ የአፍሪካ ከበሮ በአደባባይ በየሳምንቱ የተመታበት እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። ዛሬም እሑድ ከሰዓት በኋላ ከበሮ የሚመቱ ሰዎች ይሰበሰባሉ።

የእሑዱ ዋና ነገር ግን የየሰፈሩ መረዳጃ ማኅበራት የሚያወጡት ሰልፍ ነው። ወቅቱ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሰኔ ድረስ ሲሆን በሞቃቱ ወር ያርፋል። የየሳምንቱን መነሻ ቦታና መንገድ ደብሊው ደብሊው ኦ ዚ የተባለው ሬዲዮ በድረ ገጹ ያወጣዋል። ማኅበሩና የነፊዎቹ ባንድ ከፊት ይሄዳሉ፣ ከኋላ የሚከተለው ሕዝብ ሰከንድ ላይን ይባላል። አራት ሰዓት ያህል ይፈጃልና ውኃና የተለማመዳችሁት ጫማ ያስፈልጋል። እንግዳ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ፎቶ ለማንሳት ባንዱን ቀድሞ መሄድ ነው፤ ጨፋሪዎቹን ከሕዝቡ ከሚለየው ገመድና ከባንዱ መሃል ገብቶ ይጣበቃል። ከሱዛፎኑ (ትከሻ ላይ ከሚሸከሙት ትልቅ የነሐስ መሣሪያ) እና ከትልቁ ከበሮ ጎን ሁኑ፣ ሙዚቃው የሚነዳው ከዚያ ነው።

ትልቁን ከበሮ አንድ ሰው በአንድ እጁ ይመታል፤ ከላዩ የታሰረችውን ትንሽ ሲምባል ደግሞ በሌላው እጁ በብረት ይነካል። ሁለት መስመር ቁጠሩ፤ አንዱ መስመር አራት ምት ነው። የመጀመሪያው መስመር የወታደር ማርሽ ነው። በሁለተኛው መጨረሻ፣ አራተኛው ምት ላይ፣ ከበሮው ሳይጠበቅ ያርፋል። ቢግ ፎር የሚሉት ይህ ነው። ማርሹን ከእርምጃ ወደ ጭፈራ የምትገፋው እሷ ምት ናት፤ ጆሯችሁ አንዴ ከያዛት ከዚህ በኋላ በምትሰሙት የኒው ኦርሊንስ ሸክላ ሁሉ ትሰሟታላችሁ።

ሦስተኛ ቀን፣ ሰኞ፦ የቀሩት ግድግዳዎች፣ ከዚያ ባቡር

ጠዋት በሴንት ቻርልስ ትራም ፈርስት ጎዳና ውረዱና ወደ 2309 ቁጥር በእግር ሂዱ። ኮርኔት ነፊው ባዲ ቦልደን የኖረበት ቤት ነው። የግል ሰፈር ስለሆነ ከመንገድ ማዶ አይቶ ማለፍ ይበቃል። ቦልደን በ1907 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብቶ በ1931 እዚያው አረፈ። የጃዝ የመጀመሪያው ንጉሥ ቢባልም አንድም ሸክላ አልተረፈለትም፣ የሚታወቀውም ፎቶ አንድ ነው። እዚህ ቦታ የሚሰማ ነገር የለንም።

ቀጥሎ ሳውዝ ራምፓርት ጎዳና፣ 400ዎቹ ቁጥሮች። ጥንት ጃዝ የተሰማባቸው ኢግል ሳሎንና አይሮኳይ ቲያትር ዝግ ሆነው ቆመዋል። አርምስትሮንግ በልጅነቱ የሠራላቸው የካርኖፍስኪ ቤተሰብ ሱቅም በዚሁ መስመር ነበር፤ በኦገስት 2021 አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ጣለው። ቆይቶ የመጣ ጎብኚ አሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ ሲፈልገው ይውላል።

ስቶሪቪል ደግሞ ከቤዚን ጎዳና ጀርባ ነበር። ከ1898 እስከ ኖቬምበር 1917 የዝሙት ሰፈር ሆኖ የቆየው ይህ አካባቢ በባሕር ኃይሉ ግፊት ተዘጋ፣ ኋላም ፈርሶ የመኖሪያ ቤቶች ተሠሩበት። በቤዚንና ቢየንቪል ማዕዘን ላይ የሉሉ ኋይት መሸታ ቤት ምድር ፎቅ ብቻ ቀርቷል። አስጎብኚዎች «ስቶሪቪል ሲዘጋ ጃዝ ወደ ቺካጎ ተሰደደ» ይላሉ። አትቀበሏቸው። ፒያኖ ተጫዋቹ ጄሊ ሮል ሞርተንና ኮርኔት ነፊው ፍሬዲ ኬፓርድ ሰፈሩ ከመዘጋቱ ዓመታት በፊት ከተማዋን ለቀዋል። በእነዚያ ቤቶች ሥራ የነበረው በዋናነት የፒያኖ ተጫዋች ነው፤ ነፊዎቹ የሚኖሩት በዳንስ አዳራሽ፣ በሰልፍና በቀብር ነበር። ወደ ሰሜን የወሰዳቸው ሌላውን ጥቁር ሕዝብ የወሰደው ነገር ነው፦ የፋብሪካ ደመወዝና ከደቡቡ የዘር ሕግ መሸሽ።

ባቡሩ፣ ሲቲ ኦፍ ኒው ኦርሊንስ፣ ከቀኑ 7፡45 ገደማ ይነሳል፤ ጣቢያው ከሳውዝ ራምፓርት ሩቅ አይደለም። ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ19 ሰዓት ከግማሽ ያህል ይጨርሳል። ወንበር የምትመርጡ ከሆነ በስተቀኝ ያዙ፤ በመጀመሪያው ሰዓት የፖንቻርትሬይን ሐይቅ የሚታየው በዚያ በኩል ነው። መዘግየት የተለመደ ነው። ሐዲዱ የጭነት ባቡር ኩባንያ ንብረት ስለሆነ መንገደኛው ቆሞ ጭነት ያሳልፋል፤ ቺካጎ ለምትደርሱበት ጠዋት ጥብቅ ቀጠሮ አትያዙ።

አርምስትሮንግ በኦገስት 1922 የሄደው በዚሁ መስመር ነው። ያኔ ጥቁር መንገደኛ ምግብ ቤቱ ፉርጎ ስለማይገባ እናቱ የዓሣ ሳንድዊች ቋጥራለት ነበር።

አራተኛ ቀን፣ ማክሰኞ፦ ቺካጎ

ባቡሩ በሰዓቱ ከደረሰ ከጠዋቱ 3፡15 ገደማ ዩኒየን ጣቢያ ናችሁ። አርምስትሮንግ የወረደበት የ12ኛ ጎዳና ጣቢያ በ1974 ፈርሷል፣ አትፈልጉት። ከባንዱ መሪ ከኮርኔት ነፊው ኪንግ ኦሊቨር ጋር የነፋበት ሊንከን ጋርደንስ የተባለው ዳንስ ቤትም የለም።

የቆመው በ35ኛ ጎዳና ምሥራቅ 315 ቁጥር ያለው ሰንሴት ካፌ ነው። ከመኪና ጋራዥነት ወደ ዳንስ ቤት የተለወጠ፣ ኋላ ግራንድ ቴራስ የተባለ ሕንፃ ነው። ለረጅም ዓመታት የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ሆኖ ሲያገለግል ከመድረኩ ጀርባ የነበረው የግድግዳ ሥዕል በሱቁ ቢሮ ውስጥ ተርፎ ነበር። ከውጭ የምታዩት ተራ ባለ ጡብ ቤት ነው። ይህን ሕንፃ ፊት ለፊት እያያችሁ አርምስትሮንግ ጁን 28፣ 1928 የቀረጸውን «ዌስት ኤንድ ብሉዝ» ክፈቱ። የተቀረጸው በዚሁ ከተማ ነው። ማንም ሳያጅበው ትራምፔቱ ለ12 ሰከንድ ያህል ብቻውን ይገባል። መጀመሪያ አራት ድምፆች እኩል ርዝመት አላቸው፤ ከዚያ ወደ ላይ ሲሮጥ ምቱ ይሰወራል፣ ሲወርድ እንደገና ይገኛል። መቁጠር ሞክሩና የት ላይ እንደጠፋችሁ አስተውሉ። መጨረሻው አካባቢ አንድ ከፍ ያለ ድምፅ አራት መስመር ሙሉ ይይዛል፤ ቀጥሎ የሚመጣው የኧርል ሃይንስ ፒያኖ ነው።

ማታ ግሪን ሚል፣ ኖርዝ ብሮድዌይ 4802፤ በቀዩ መስመር ሎረንስ ጣቢያ ወርዶ ሁለት እርምጃ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ባንዱ ሲጫወት የሚያወራ ሰው ዝም ይባላል፤ ይህ ቤት በዚህ ቀልድ አያውቅም። የታዋቂውን ወሮበላ የአል ካፖኔን መቀመጫ የሚያሳዩ አሉ። ሙዚቃውን ለመስማት ግን ያ ወንበር የተለየ ነገር የለውም።

አምስተኛ ቀን፣ ረቡዕ፦ ሪችመንድ፣ ኢንዲያና

ይህን ቀን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከጉዞው ሁሉ ሊዘለል የማይገባው ይህ ነው። ከቺካጎ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባቡር የለም፣ መኪና መከራየት ግድ ነው። ሪችመንድ ከቺካጎ በ1 ሰዓት ስለሚቀድም ጠዋት 2 ሰዓት ተነስታችሁ ለአራት ሰዓት ተኩል ብትነዱ የምትደርሱት በከተማዋ ሰዓት 7፡30 ነው። ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። መኪናውን በሌላ ከተማ መመለስ ተጨማሪ ክፍያ አለው፤ ቢሆንም በኢንዲያናፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ መመለሱ ቀን ያተርፋል።

በኋይትዋተር ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የስታር ፒያኖ ፋብሪካ ነበር። ጄኔት የተባለው የሸክላ አሳታሚ ድርጅት የእሱ ነው። ከፋብሪካው የቀረው ጣሪያ የሌለው የሕንፃ ቅሪት ሲሆን ዙሪያው መናፈሻ ሆኗል፤ መንገዱ ላይ በሸክላ ቅርጽ የተሠሩ የሙዚቀኞች መታሰቢያዎች ተተክለዋል። የኪንግ ኦሊቨር ባንድ በኤፕሪል 5 እና 6፣ 1923 የመጀመሪያ ሸክላዎቹን የቀረጸው እዚህ ነው።

አሠራሩን ካላወቁት ቅጂው አይገባም። ማይክሮፎን የለም። ግድግዳው ላይ ትልቅ የቆርቆሮ ቀንድ አፉን ወደ ክፍሉ ከፍቷል፤ ድምፁ በቀንዱ ገብቶ መርፌ ያንቀሳቅሳል፣ መርፌው ሰም ይጭራል። ሚዛን የሚስተካከለው በርቀት ብቻ ነው። ትልቁ ከበሮ መርፌውን ስለሚያዘልለው ቤቢ ዶድስ እንጨት ነገር እንዲመታ ተደረገ፤ የምትሰሙት ቂው ቂው እሱ ነው። አርምስትሮንግ ድምፁ ኦሊቨርን ስለዋጠው ራቅ ብሎ እንዲቆም ሆነ፤ ፒያኖ ተጫዋቿ ሊል ሃርዲን እንደምታስታውሰው 15 ጫማ ያህል። አጠገቡ ሐዲድ ስለነበር ባቡር ሲያልፍ ሥራ ይቆማል። የሸክላው አንድ ገጽ ደግሞ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም።

ሁለት ቅጂ ስሙ። «ቻይምስ ብሉዝ» የአርምስትሮንግ የመጀመሪያው የሸክላ ሶሎ ነው። «ዲፐርማውዝ ብሉዝ» ላይ ኦሊቨር ኮርኔቱን በመክደኛ እየከፈተና እየዘጋ ያናግረዋል፤ በሦስተኛው ዙር ማብቂያ ባንጆ ተጫዋቹ ቢል ጆንሰን በጩኸት ይገባል። እንደሚባለው ዶድስ ተራውን ረስቶ ክፍተት ተፈጥሮ ነው። ከዚያ በኋላ የተጫወቱት ሁሉ ጩኸቱን ጨምረው ነው የሚጫወቱት። የምትገዙትን ቅጂ ግን ምረጡ፤ የድሮ ሸክላ ሲገለበጥ ፍጥነቱ ካልተስተካከለ ቅኝቱ ይዛባል፣ ጭረቱን ለማጥፋት ከተጋነነም የክላሪኔቱ ጫፍ አብሮ ይጠፋል። ትንሽ የሚንጫጫው ይሻላል።

ስድስተኛ ቀን፣ ሐሙስ፦ ኒው ዮርክ መግቢያ

ከሰዓት በኋላ ሁለት ባዶ ቦታ። 52ኛ ጎዳና፣ በ5ኛና 6ኛ አቬኑ መካከል፣ በ1930ዎቹና 40ዎቹ ክበቦች ተደርድረውበት ነበር፤ ዛሬ የቢሮ ሕንፃ ነው። ፈጥናችሁ እለፉት።

ወደ 30ኛ ጎዳና ምሥራቅ 207 ውረዱ። ቤተ ክርስቲያን የነበረውና ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ስቱዲዮ የሆነው ሕንፃ እዚህ ነበር፤ ስቱዲዮው በ1981 ተዘግቶ ሕንፃው ፈረሰ። የትራምፔት ነፊው የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለው አልበም በ1959፣ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 የተቀረጸው በዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዋናው የቴፕ መቅጃ ቀስ ብሎ ይዞር ነበርና በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ሦስቱም ዜማዎች ከቅኝታቸው ከፍ ብለው ወጡ። ለዓመታት ከሸክላው ጋር አብረው ለመለማመድ የሞከሩ መሣሪያቸውን ሲወቅሱ ኖሩ። ስህተቱ የታረመው በ1992 ከመጠባበቂያው ቴፕ ነው። ከዚያ በፊት የታተመ ካላችሁ ለይታችሁ ያዙ።

ሰባተኛ ቀን፣ ዓርብ፦ ኮሮና፣ ኩዊንስ

በ7 ቁጥር ባቡር 103ኛ ጎዳና ኮሮና ፕላዛ ውረዱ፤ ቤቱ 107ኛ ጎዳና 34-56 ነው። አርምስትሮንግና ባለቤቱ ሉሲል በ1943 ገብተው እሱ በጁላይ 1971 እስኪያርፍ ኖረውበታል። በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ጉብኝቱም በሰዓትና በአስጎብኚ ስለሆነ ትኬት ቀድማችሁ ያዙ። በ2023 ከመንገድ ማዶ የተከፈተውን ማዕከል ከቤቱ በኋላ እዩት።

ቤቱ ለዓለም ዝነኛ ሰው ትንሽ ነው። ወጥ ቤቱ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ መስተዋት ለብሶ ቧንቧው ወርቃማ ነው። ላይ ባለው የሥራ ክፍል የቴፕ መቅጃዎቹ ግድግዳው ውስጥ ተገጥመዋል። ወሬውን፣ ልምምዱን፣ ከሸክላ ጋር አብሮ ሲነፋ ሁሉ ይቀዳ ነበር፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቴፖች ትቷል፣ ማሸጊያቸውንም ከጋዜጣና ከፎቶ በቆረጠው ለጣጥፎ አስጊጦታል። አስጎብኚዋ በየክፍሉ ድምፁን ስታሰማ አትነጋገሩ፤ አጫጭር ናቸው፣ አይደገሙም።

ጊዜ ካላችሁ በዚሁ ባቡር መጨረሻው ጣቢያ ወርዳችሁ በአውቶቡስ ፍለሺንግ መቃብር ሂዱ። አርምስትሮንግና ሳክሲፎን ነፊው ጆኒ ሆጅስ እዚያ ናቸው። ትራምፔት ነፊው ዲዚ ጊለስፒም አለ፤ መቃብሩ ግን ስም የለውም፣ መፈለግ ድካም ነው።

ስምንተኛ ቀን፣ ቅዳሜ፦ ሃርለም ከላይ ወደ ታች

በ2 ወይም 3 ቁጥር ባቡር 135ኛ ጎዳና ወርዳችሁ በሌኖክስ አቬኑ ወደ 140ኛ ውጡ። ከ1926 እስከ 1958 ሳቮይ ዳንስ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ መታሰቢያ ተለጥፏል። ሁለት መድረክ ነበረው፤ አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል። የባንድ መሪዎቹ ቺክ ዌብና ቤኒ ጉድማን በሜይ 1937 በሙዚቃ የተፋለሙት እዚህ ነው፣ የሰፈሩ ሰው እንደሚለው ያሸነፈው ዌብ ነው። ከዚያ ወደ ታች፣ 129ኛ ጎዳና ምዕራብ 58፣ የሃርለም ጃዝ ሙዚየም። ቀጥሎ 126ኛ ጎዳና ምሥራቅ 17፤ በኦገስት 1958 ፎቶ አንሺው አርት ኬን 57 ሙዚቀኞችን በአንድ ፎቶ ያነሳበት ደረጃ ነው። ሰው ስለሚኖርበት ደረጃው ላይ አትውጡ።

መጨረሻው ሚንተንስ፣ 118ኛ ጎዳና ምዕራብ 210። ከ1940 ጀምሮ ቴሎኒየስ ሞንክ ፒያኖ፣ ኬኒ ክላርክ ድራም ይዘው ቢቦፕ የተባለውን አዲስ የጃዝ አጨዋወት ያበሰሉበት ነው። በየጊዜው ተዘግቶ ይከፈታልና አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እዚህ የሚሰማው ጄሪ ኒውማን የተባለ ተማሪ በ1941 በራሱ መቅረጫ የቀዳው የቻርሊ ክርስቲያን ጊታር ነው። ክርስቲያን ሲጫወት ድራሙን አዳምጡ፤ ክላርክ ምቱን ከእግር ከበሮው አንስቶ ሲምባሉ ላይ አድርጎታል፣ እግሩ ድንገት ብቻ ይፈነዳል። ሁለተኛው ቀን ላይ ከሰማችሁት ትልቅ ከበሮ ጋር አስተያዩት፤ ሥራው ተገልብጧል።

ዘጠነኛ ቀን፣ እሑድ፦ ዉድሎን፣ ብሮንክስ

የ4 ቁጥር ባቡር መጨረሻ ላይ ያለ መቃብር ነው። ከሰዓት በኋላ በጊዜ ስለሚዘጋ ጠዋት ሂዱ፣ በሩ ላይ ካርታ ጠይቁ፤ ግቢው ሰፊ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹና የባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ሁለት ትልልቅ መስቀል ባሉበት ዛፍ ሥር ነው። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከአጼ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን የተቀበለው ኤሊንግተን በሜይ 1974 አረፈ። አጠገቡ የማይልስ ዴቪስ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አለ፤ «ሰር ማይልስ ዴቪስ» ይላል፣ ከ«ሶላር» የተወሰደ ኖታም ተቀርጾበታል። ያ ዜማ ግን ጊታሪስቱ ቸክ ዌይን ቀደም ብሎ በ1946 የቀዳው መሆኑ በኋላ ተረጋግጧል። ቫይብራፎን ተጫዋቹ ላየነል ሃምፕተንና ድራም መቺው ማክስ ሮችም በዚያው አካባቢ ናቸው።

ኪንግ ኦሊቨር ደግሞ ከእነሱ ርቆ ነው። ጥርሱ ሲበላሽበት መንፋት አቅቶት፣ በሳቫና ጆርጂያ ቢልያርድ ቤት ሲያጸዳ ቆይቶ በ1938 ሞተ። ከካርታው ላይ በስሙ ጠይቁት፤ ጎብኚ የሚጎድለው እሱ ነው።

አሥረኛ ቀን፣ ሰኞ፦ ቪሌጅ ቫንጋርድ

ሰባተኛ አቬኑ ደቡብ 178፤ በ14ኛ ጎዳና ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ከ1935 ጀምሮ የሚሠራ፣ 123 ሰው የሚይዝ፣ ወደ መድረኩ እየጠበበ የሚሄድ ምድር ቤት ነው። ቀን ላይ የፒያኖ ተጫዋቹን የቢል ኤቫንስን ሦስትዮሽ ጁን 25፣ 1961 እዚሁ የተቀዳ ቅጂ ስሙ፤ ብርጭቆው፣ ሳቁ፣ ሰው ሲያወራ ሁሉ ይሰማል። ሙሉውን እትም ከያዛችሁ በመጀመሪያው ዜማ ላይ መብራት ጠፍቶ ቅጂው የተቋረጠበትን ታገኛላችሁ። ቤዝ ተጫዋቹ ስኮት ላፋሮ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ አልኖረም፤ በመኪና አደጋ ሞተ።

ሰኞ የተመረጠው ለትልቁ ኦርኬስትራ ነው፤ ትራምፔት ነፊው ታድ ጆንስና ድራም መቺው ሜል ሉዊስ በፌብሩዋሪ 1966 ከጀመሩት ወዲህ ሰኞ ማታ የእሱ ነው። ዝግጅቶቹ ምሽት 2 እና 4 ሰዓት ናቸው፣ ከትኬቱ ሌላ ቢያንስ አንድ መጠጥ ማዘዝ ግዴታ ነው። መቀመጫ በቀደምትነት ስለሆነ በሩ ሲከፈት፣ 1 ሰዓት ላይ፣ ደረጃው ላይ ሁኑ። ሌላ ቀን ቢሆን የፒያኖውን እጅ ለማየት በግራ በኩል ከፊት ይመረጣል፤ ሰኞ ግን ከፊት ያለ ሰው ሳክሲፎኖቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው፣ ትራምፔቶቹም ራስ ራሱን ይሉታል። ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ያለው ረጅም መቀመጫ ላይ ሁሉም ክፍል እኩል ይሰማል። ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ካላችሁ ሁለተኛውን ዝግጅት ውሰዱ፤ ሰዉ ይቀንሳል፣ ሶሎዎቹም ይረዝማሉ።